ወሬዬ ቀድሞኝ ላስታ ሲገባ

ከወልዲያ መውጣት

ይህን ጉዞ የጀመርኩት ላስታን ለማየት አልነበረም፤ ከወልዲያ ለመውጣት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ገባሁ፤ ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ። ለስብሰባ መክፈቻ ዘፍኛለሁ፣ ለስብሰባ መዝጊያ ዘፍኛለሁ፣ በመሀሉ ሰው ሲያንቀላፋ አይቻለሁ። ደሴ ያለው የክፍለ ሀገሩ ኪነት ግን ደመወዝ ይከፍላል፤ አገርም ያዞራል። ከጥምቀት በኋላ የኪነቱ መራጮች ላሊበላ መጥተው ከላስታ አውራጃ አንዲት ሴት ድምፃዊት ይወስዳሉ ሲባል ሰማሁ። የኛ አውራጃ፣ የጁ፣ ኮታው ሞልቷል።

ወሬውን ያመጣልኝ ጋሽ ይርጋ ነው። ድሮ ተዘዋዋሪ ሲኒማ ከተማ ሲገባ መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሕዝብ ይጠራ ነበር። ሲኒማው ቀረ፤ ጉሮሮው አልቀረም። አሁን ራሱን «የአርቲስት አማካሪ» ብሎ ይጠራል። ያለችው አርቲስት እኔ ብቻ ነኝ።

«ድምፅሽ ደህና ነው» አለኝ። «ግን ሰው ከመስማቱ በፊት ማንን እንደሚሰማ ማወቅ አለበት። እኔ በየከተማው ቀድሜሽ እገባለሁ። አንቺ ስትደርሺ ሕዝቡ ይጠብቅሻል።»

«ምን ብለህ ነው የምታስጠብቀው?»

«እሱን ለኔ ተዪው።»

ተውኩለት።

ከቀበሌ «ለኪነት ሥራ» የሚል የይለፍ ወረቀት አስመትቼ፣ እሱ በሄደ በማግስቱ የዕርዳታ ስንዴ በጫነ መኪና ተሳፈርኩ። ጋቢናው ውስጥ አንዲት አራስ ስለነበረች እኔ ጆንያ ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ «ላይ ለሚቀመጥ ቅናሽ አለ» ብሎ አምስት ብር ተቀበለኝ፤ ቅናሹ ከምን ላይ እንደሆነ አልነገረኝም። ድልብ የምትባለውን መንደር አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ሙቀቱ ወልዲያ ቀረ። መኪናው በየጠመዝማዛው ያቃስታል፣ ከታች ደመና ይታያል። ላይ ስንወጣ አገሩ ሜዳ ሆነ፤ የታጨደ ገብስ፣ ነፋስ፣ ዛፍ የሚባል ነገር የለም።

ኬላ ላይ አንድ ወታደር በጋቢ የጠቀለልኩትን ነገር በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክራር።»

«ከሆነ ምቺው።»

መንገዱ ላይ ወርጄ መታሁለት። አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማና ገመዱን አወረደልን። ሹፌሩ ሳቀ፤ «ከእንግዲህ ካንቺ ጋር ነው የምጭነው። ጆንያዬን ሳይበረብሩ ሲያሳልፉኝ የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ማንነቴን ማንም ሳይነግረው የሰማኝ ያ ወታደር ብቻ እንደሚሆን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ፍላቂት

ጋሽ ይርጋ «ገበያው ፍላቂት ነው፤ ከዚያ ጀምረን ወደ ጋሸና እንመለሳለን» ብሎኝ ስለነበር ጋሸናን አልፈን ሄድን። ፍላቂት ስገባ ገበያው ደርቷል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ የበግ ጠጉር። እሱ ግን ወደ ጋሸና ተመልሶ ሄዷል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ገና ስታየኝ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ።

«እናት አባትሽን በክፉው ቀን አጥተሽ፣ በዚች ክራር ራስሽን አሳደግሽ አሉ። አይዞሽ የኔ እህት።»

እናቴና አባቴ ወልዲያ ናቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ያን ሰዓት ምናልባት የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ ዝቅ በማድረግ ላይ እየተጨቃጨቁ ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ሻዩን ስኳር አብዝታ አመጣችልኝ፣ ዘጋሁት።

ገበያው ዳር ቆሜ የሠርግ ዘፈን ጀመርኩ። እስክስታ የሚያስመታ ዘፈን ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ምቱን ባፈጠንኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። አንድ ገበሬ ግንባሬ ላይ ብር በመለጠፍ ፈንታ እጄን ይዞ እፍኝ የገብስ ቆሎ ሞላልኝና «ብይ ልጄ፣ በርቺ» ብሎኝ ሄደ። ዘፈኑን አንድም ሰው አልሰማም። ወላጅ የሌላትን ልጅ ነበር የሚያዩት፤ እሷ ደግሞ እዚያ አልነበረችም።

ቆሎውን መንገድ ላይ በላሁት። ጥሩ ቆሎ ነበር።

ጋሸና

ጋሸና ነፋሱ በር ይገነጥላል። ጋሽ ይርጋ እዚያም የለም፤ ወደ ላሊበላ ወርዷል። ያደርኩበት ቤት «ከራዲዮ የመጣችው» ብለው ነው የተቀበሉኝ። ሁለት ልጃገረዶች እየተገፋፉ ያዩኛል። አንዷ ለሌላዋ «ራዲዮ ውስጥ እንዲህ ወፍራም አትመስልም» ስትል ሰማሁ።

ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የመጨረሻው ልጄ ሰሜን ጦር ግንባር ነው። በራዲዮ ስሙን ጥሪልኝ። ‹አባትህ ደህና ነው፣ ላሟም ወልዳለች› በይልኝ። ስሙ መኮንን ነው። መኮንን። እንዳትረሺው፤ መኮንን።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ላሟ እንስት ጥጃ እንደወለደች ጨምሪበት። ደስ ይለዋል።»

«እሺ» አልኳቸው። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ያ እሺ ከአፌ ወጥቶ አልሄደም፤ ሲነጋም እዚያው ነበር።

ላሊበላ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ አቧራ ብቻ ነው። ቁልቁል ወርደን፣ የደረቀ ወንዝ ተሻግረን፣ እንደገና ሽቅብ። ከመኪናው ስወርድ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ነበር። ጋሽ ይርጋን ክብ ክብ የድንጋይ ቤቶቹ ካሉበት ሰፈር፣ አንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘሁት።

«ፍላቂት እናት አባቴን ገደልክ፣ ጋሸና ራዲዮ ከተትከኝ» አልኩት። «እዚህስ ምን አደረግከኝ?»

«እዚህ ትልቁን ነው የሠራሁት። የአዝማሪ ማሩ ልጅ ነሽ።»

«ማሩ ማነው?»

«የላስታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰንቆ መቺ። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን መሰንቆውን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ልጅ ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ የለም። የላስታ ኮታ የላስታ ልጅ ይፈልጋል። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ዝም በይ፤ ከዚያ ደሴ ነሽ።»

ዝም አልኩ። ደሴን ፈልጌያለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ያን ዕለት በሰፈሩ ሳልፍ ሰዎች ከመቀመጫቸው ብድግ እያሉ ሰላም ይሉኛል። ሰላምታው የኔ እንዳልሆነ ስለማውቅ እየተጣደፍኩ አለፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክራሬን ስቃኝ አንዲት ቀጭን አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ውብነሽ ይባላሉ፤ ከአሸተን ማርያም ሥር ካለ መንደር ነው የመጡት። የማሩ ታላቅ እህት ናቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

«ጥርሷ የሱ ነው» አሉ ላደርኩበት ቤት ባለቤት። «ግንባሯ የናቷ ይሆናል። ወፈር ማለቷስ? እኛ ዘንድ ወፍራም የለም።»

ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የፈረስ ጭራ ነው፤ ለመሰንቆ ክር የሚሆን፣ ተበጥሮ የታሰረ።

«ሲሄድ ቸኩሎ ረሳው። ብል እንዳይበላው በየበጋው ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ሲመጣ ይቀይረዋል ብዬ።» ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤ «አለ?»

ጋሽ ይርጋ ከበሩ ውጭ ሆኖ ስድስት ጣቱን ዘርግቶ ያሳየኛል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ማለቱ ነው። አለ ብል ሴትዮዋ በር በሩን እያዩ ሊኖሩ ነው። የለም ብል ዛሬውኑ ልቅሶ ሊቀመጡ ነው። በምላሴ አንድ ሰው ልገድል ወይም ላስነሳ ነው፤ ያውም አይቼው የማላውቀውን ሰው።

«እማማ፣ አላውቅም» አልኩ። «ወንድምዎን አይቻቸው አላውቅም። ልጃቸው አይደለሁም። አባቴ ወልዲያ ልብስ ሰፊ ነው። ወሬውን የፈጠረው ያ ደጅ የቆመው ሰውዬ ነው፤ እኔም ትናንት ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

ጭራውን እንደነበረው መልሰው ጠቀለሉት፤ ጫፉን አስገብተው፣ አጥብቀው።

«ጥሪው» አሉ።

ጋሽ ይርጋ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

«ወንድሜን የት አየኸው?»

«አላየኋቸውም እማማ። ስማቸውን ጠላ ቤት ሰማሁ።»

«ምን ሲሉ ሰማህ?»

«እንደ ማሩ የሚመታ አልመጣም ሲሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ምላስ አለህ አንተ» አሉት። ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየሁም። «እኔ ስንት ዓመት በየገበያው እየወጣሁ ማሩን ያየ አለ ወይ ስል የሰማኝ የለም። አንተ ከትናንት ወዲያ መጥተህ ዛሬ አገሩ ሁሉ ልጁ መጣች ይላል።» ወደኔ ዞሩ። «አንች ልጁ አይደለሽም፤ ይሁን። ግን ክራር ይዘሽ አገር ታካልያለሽ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቆልማማ ናት፤ ልጅ ሳለ በሬ ረግጦት ነው። ያየ ካለ ጠይቂልኝ።»

«እሺ» አልኩ። የጋሸናው ዓይነት እሺ አልነበረም።

ሲወጡ ጋሽ ይርጋ ክንዴን ያዘኝ። «መራጮቹ ፊትም ይህንኑ ልትዪ ነው? እውነትሽ እኮ የጁ ነው። የጁ ደግሞ ሞልቷል።»

«ታዲያ ይሙላ።»

መራጮቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ገበያው ሜዳ ላይ ጠረጴዛ ወጥቶላቸዋል። አስተዋዋቂው «የአዝማሪ ማሩ ልጅ» ብሎ ሲጠራኝ ጭብጨባው ሜዳውን ሞላው። እስኪበርድ ጠብቄ «የማሩ ልጅ አይደለሁም፤ የወልዲያ ልጅ ነኝ። የተነገራችሁ ውሸት ነው» አልኩ።

ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ አንዱ «እና እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ።

«ልዘፍን ነው የመጣሁት።»

«ከመጣሽማ ዝፈኚ፤ ፀሐይ ላይ አታቁሚን።»

ሳቁ። ያንኑ የፍላቂቱን የሠርግ ዘፈን ጀመርኩ። መጀመሪያ እጃቸውን አጣምረው ነበር የሚያዩኝ። ቀስ እያለ አንዱ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ፤ ያ «አታቁሚን» ያለው ራሱ ነው። ቀጥሎ ሴቶቹ በጭብጨባ ገቡ። እማማ ውብነሽ ከዳር ቆመዋል፤ አልጨፈሩም፣ አልሄዱምም።

ከመራጮቹ አንዱ ሲያልቅ ጠራኝ። «ድምፅ አለሽ» አለኝ። «ቦታ የለሽም። እኛ የላስታ ነው የያዝነው።» ሌላኛው ቀና ብሎም አላየኝ። የላሊበላ ልጅ የሆነች አንዲት ቀይ ቀጭን ልጅ መረጡ። ደህና ትዘፍናለች።

መልስ

ጋሽ ይርጋ አኩርፎኝ በመጀመሪያው መኪና ሄደ። እኔ የተሳፈርኩት በማግስቱ ነው። ጋሸና መኪናው ጎማ ሊቀይር ሲቆም ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው።

«ራዲዮ ውስጥ አልሠራም አባባ። ዋሽተውዎታል።»

«የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ብታገኚ መኮንን ነው ስሙ» አሉኝ።

ወልዲያ ስደርስ ጎረቤቶቻችን በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። «እውነት ነው ወይ? መራጮቹ ተነስተው አለቀሱ? አንቺስ መሬት ስመሽ ይቅርታ ጠየቅሽ አሉ።» እናቴ ከውስጥ «አባትሽንም አስታረቅሽ አሉ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ ግን አልሰማሁም» አለችኝ።

ጋሽ ይርጋን የሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ሰው ከቦት አገኘሁት። ኩርፊያውን ረስቶታል። «ሕዝቡ ወዶታል» አለኝ። «‹እውነት ተናጋሪዋ› ነው የምልሽ። በሚመጣው ሳምንት ቆቦ እንገባለን፤ እኔ ቀድሜ—»

«ማንም አላለቀሰም። መሬትም አልሳምኩም።»

«ትንሽ ነው ያዋዛሁት።»

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይህን ነው፦ ስለኔ የሚወራው ከኔ ቀድሞ ከገባ፣ የምደርሰው እኔ አይደለሁም። ለማትመጣ ሰው ወንበር ተጠርጎ ይጠብቃታል። ግን የጋሽ ይርጋ ምላስ እግር እንዳለው እማማ ውብነሽ ከኔ በፊት አይተውታል፤ እኔ በክራር የማልደርስበት ቦታ በአንድ ቀን ይደርሳል። ማሩ የወረደው ወደ ቆላ ነው፤ ቆቦ ደግሞ ቆላ ነው።

«ቀድመህ ትሄዳለህ» አልኩት። «አንድ ወሬ ብቻ ትይዛለህ። ማሩ የሚባል የላስታ መሰንቆ መቺ፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቆልማማ። እህቱ ውብነሽ አሸተን ማርያም ሥር አለች፤ ትፈልገዋለች።»

«ስላንቺስ ምን ልበል?»

«ክራር የምትመታ ትመጣለች በል። በቃ። አሁን ድገምልኝ።»

መጀመሪያ ጣቷን የቀኝ እጅ አደረጋት። አስደገምኩት። ቀጥሎ «እህቱ በለቅሶ ዓይኗ ጠፋ» ብሎ ጨመረበት። አስደገምኩት። ከዚያ ማሩን ባላባት አደረገው። ሻያችን ቀዘቀዘ፣ የከበበን ሰው ሰልችቶት ተበተነ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ ደገመው፤ ሲጨርስ አንድ ከባድ ነገር እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ።

በማግስቱ ቆቦ በሚሄደው መኪና አሳፈርኩት፤ መኪናው እስኪነሳም በመስኮቱ አስደገምኩት።