የንብ መርዝ ስለቅም ሰላይ ተባልኩ

በደርግ ዘመን ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሰው ራሱን ሲያሞግስ አያምርም ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህች በአንዷ ሳልኮራ አልቀርም።

የመመረቂያ ጥናቴ በንብና በተርብ መርዝ ላይ ነበር። መርዝ ሲባል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን የተቀላቀለበት ነው። የሁለቱ በምን እንደሚመሳሰል፣ በምን እንደሚለያይ ማየት ፈለግኩ። መምህሬ፣ «መርዙን ራስሽ ካላመጣሽ ርዕስ ቀይሪ» አሉኝ። የተርቡን የመርዝ ከረጢት በወረንጦ እያወጣሁ አጠራቀምኩ። የንቡ ቀረ። የጅማ ልጅ ሆኜ ንብ ላጣ? ለእረፍት ስመጣ ጅማ አጠገብ ሸቤ፣ ቡናቸው ውስጥ ንብ የሚያረቡት አጎቴ አባ ራያ ዘንድ ሄድኩ።

መሣሪያውን የሠራሁት ራሴ ነኝ። የእንጨት ክፈፍ፣ ላዩ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ከሥሩ መስታወት፣ ከጎኑ የመኪና ባትሪ። ንቧ ሽቦው ላይ ስታርፍ ኤሌክትሪኩ ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ ተናዳ መስታወቱን ትነድፋለች፤ መርዙ እዚያው ይደርቃል። ንቧም አትሞትም።

ቀፎው አፍ ላይ ላስቀምጠው ስል የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ከተፍ አሉ። ሽቦና ባትሪ፣ ያውም ቡና ውስጥ!

«ለማን ነው መልእክት የምታስተላልፊው?» አለኝ መሪያቸው።

በዚያ ጊዜ እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሁሉ አልተመለሰም። «ጓድ፣ ለንብ ነው፤ ላሳይዎት» አልኩ።

«አሳዪኝ! ከዋሸሽ አጎትሽም አብሮሽ ይሄዳል።»

እኔ ባትሪውን ሳገናኝ አጎቴ ኩበት አቀጣጥለው ቀፎውን በደንብ አጠኑት። እኛ ጋ ሰው ወደ ቀፎ ከተጠጋ መጀመሪያ ጭስ ነው። ጭስ የሸተተው ንብ ደግሞ መች ይነድፋል? ሁሉም ገብቶ ማሩ ላይ ተለጠፈ። መስታወቱ ንጹሕ!

«ያ አላህ! አጎቴ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዶቹ ይነደፉ እንዴ?» አሉ።

መሪው ክንዴን ያዘኝ። ይሄኔ ፍርሃቴ ጥሎኝ ሄደና ተናደድኩ። «ጭስ ያልነካው ቀፎ እዚያ አለ፤ ወንድ ከሆኑ አብረውኝ ይቁሙ!» አልኩት። ወኔው ከየት እንደመጣ ወላሂ አላውቅም።

ክፈፉን ሁለተኛው ቀፎ አፍ ላይ አድርጌ ባትሪውን አገናኘሁ። ንቦቹ ግልብጥ ብለው ወጡ። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን እንደያዙ እግሬ አውጪኝ አሉ! መሪው ብቻ ቆመ፤ ግንባሩን ተነደፈ እንጂ አልሸሸም። እኔም ባበጠ እጄ መስታወቱን አነሳሁ፤ ነጭ ሆኗል። በምላጭ ፍቄ አሳየሁት። ዱቄቱን አየ፣ እጄን አየና ሳቀ።

«ይህቺስ ሰላይ አይደለችም፣ ጀግና ናት! ልቀቋት» ብሎ በሩቅ ለቆሙት ጥበቃዎቹ ጮኸ።

ላቦራቶሪ ውስጥ ፕሮቲኖቹ ተለያይተው በሰማያዊ መስመር ሲወጡ፣ የንቡና የተርቡ አንዳንዱ ጎን ለጎን ሲገጥም ሌላው ፈጽሞ ሲለያይ፣ አለቀስኩ። መምህሬ ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ።

አጎቴ ግን ሸቤ ገበያ ላገኙት ሁሉ፣ «የእህቴ ልጅ መንግሥትን በንቦቼ አስነድፋ ተመረቀች» ይሉ ነበር። ያኔ «ኧረ ዝም ይበሉ፣ ሊያስፈጁን ነው!» እያልኩ እለምናቸው ነበር። ዛሬ እንዴት ተመረቅሽ ብሎ ለጠየቀኝ እኔው ራሴ ልክ እንደዚያው ብዬ ነው የምመልስለት።