ከዛሪማ ሸለቆ የሚወጣው ሞገድ

ማለደ ዛሪማ የወረደው በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ነው፤ ለሁለት ዓመት ብቻ ተብሎ። የአዘዞ ልጅ ነው፤ ያኔ ሃያ አምስት ዓመቱ። ሥራው በመንገድ ጥገናው ካምፕ የራዲዮ መሣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ድልድይ ሲፈርስ ወይም መኪና ሲገለበጥ ጎንደር ላለው መሥሪያ ቤት በሞርስ፣ ፊደልን በአጭርና ረጅም ድምፅ እየለወጡ፣ መልእክት መምታት ነበር። ባለቤቱ አገኘሁሽ አብራው ወረደች። ይህን ሁሉ የነገረችኝም እሷ ናት።

ዛሪማ ከሊማሊሞ ግርጌ ያለ ሞቃት ቦታ ነው፤ ዙሪያው ተራራ። ለጣቢያው የተሰጡት የራዲዮ ሞገዶች ሦስት ነበሩ። ጠዋት በአንደኛው ጥርት ብሎ የሚሰማው ጎንደር ፀሐይ ከፍ ስትል ይጠፋል። የትኛው ሞገድ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ወር እንደሚሠራ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ማለደ ስምንት ወር ሙሉ የመሣሪያውን መርፌ እየነካካ ራሱ ደረሰበት።

ሁለቱ ዓመት ሲሞላ ዝውውር ጠየቀ። ማመልከቻውን የሚያስተላልፈው ራሱ፣ መልሱን የሚቀበለውም ራሱ። ምትክ እስኪገኝ ቆይ አሉት። አራት ጊዜ ጠየቀ፤ አራት ጊዜ ያንኑ ቃል በገዛ እጁ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሊማሊሞን የሚወጡትን መኪናዎች እስኪሰወሩ ማየት ልማዱ ሆነ።

በአምስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ወባ ጣለው። በሦስተኛው ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። የካምፑ ኪኒን አልቋል፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል። አገኘሁሽ መሣሪያው ላይ ተቀመጠች። ማንም አላስተማራትም፤ ግን አልጋቸው ከመሣሪያው ሁለት ክንድ አይርቅም፣ ከአራት ዓመት በላይ ድምፁን ስትሰማ ኖራለች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። በዚያ ወር በዚያ ሰዓት ከሦስቱ መካከለኛው ሞገድ እንደሚሻል ታውቃለች። መርፌውን አዙራ ጎንደርን ጠራች፤ ማለደ መታመሙን፣ መድኃኒት እንዲልኩ መታች።

ጎንደር ያለው የራዲዮ ሠራተኛ ሐብተ ማርያም የማለደን የእጅ ምት ስለሚለይ፣ የሚመታው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሚስቱ ነኝ አለችው።

መድኃኒቱ በበቅሎ ደረሰ። ማለደ ቀና ማለት ሲጀምር፣ “አሁንስ አይከለክሉኝም” አላትና አምስተኛውን ማመልከቻ እሷ እንድትመታለት ቃሉን ነገራት።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ፊደል በፊደል ጻፈችው፦ ባለቤትህ ሥራውን ስለቻለች ምትክ አላስፈለገም፤ ቀጥል።

ወረቀቱን ይዛ ወደ አልጋው ዞረች።

“ምነው ጻፍሽው? እኔም እኮ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ” አላት።

“ባልመታ ኖሮ ትሞትብኝ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት እሷ እየተቀመጡ ሰባት ዓመት ቆዩ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ። የማለደ እናት መርዶ የመጣውም በዚያው ሞገድ ነው፤ ተራው የአገኘሁሽ ስለነበር የተቀበለችው እሷ ናት። ኋላ የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ ጣቢያው ተዘጋ። አዘዞ የገቡት በኅዳር ነበር፤ ልጆቹ ብርዱን አልቻሉትምና ወደ ዛሪማ እንመለስ ብለው አለቀሱ።