ቅባት የጠጣው ግድግዳ

ሰፈሩ ጋሽ ነጩ ይለዋል። መልኩ ጠይም ነው፤ ስሙ የመጣው ከቅንድቡ ላይ ከማይጠፋው ቀለም ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ ኖሮ፣ የተከራያትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ብሩሽ አላስነካትም። ሚስቱ ስታበሽቀው፣ "አንተ ሰውዬ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ያሉት ላንተ ነው" ትለው ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

አሁን የሚያበሽቀው የለም። እሷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ክፍሎች ሰፉበት፤ ኪራዩም ከበደው። ስለዚህ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ሊዛወር ነው። የዚያኛው ቤት አከራይ መያዣ ካልተቀበለ ቁልፍ አይሰጥም፤ ጋሽ ነጩ ያለችው ገንዘብ ደግሞ እዚህ ሲገባ ለአሮጊቷ አከራይ ያስያዛት ብቻ ናት። የምትመለስለት ቤቱን እንደተረከበው ካስረከበ ነው።

ዕቃውን ወደ ደጅ አውጥቶ ቀለም በጠበጠ። የምስማር ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈነ፤ የወጥ ቤቱን ጥላሸት ፈቀፈቀ። ብቻውን መሥራት የለመደው ነው። የከበደው ሲመሽ ውሎውን የሚያወራለት ሰው ማጣቱ ነው። ድሮ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ አልጋው ላይ ሆና፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትጠብቀዋለች።

"ዛሬ የማንን ቤት አሳመርክ?" ትለዋለች።

እሱም ሳሎኔ ቢጫ ካልሆነ ብላ ያለቀሰችውን ሙሽራ፣ ብሩሽ ይዞ ሳያውቅ ቀቢ የሚያስተምረውን ጡረተኛ እያስመሰለ ያወራላታል። እሷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ታማ ከአልጋ መነሳት ባቃታት ጊዜም እንዲሁ ነበር። የጸጉሯ ቅባት ግድግዳው ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ጥቁር ክብ ሠራ።

እዚያ ክብ ዘንድ ሲደርስ፣ ሮለሩን ቶሎ ቶሎ አሳለፈበትና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አከራይዋ ቤቱን ሊረከቡ ሲመጡ፣ ክቡ በነጩ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ወጥቶ ጠበቃቸው። ቅባት የጠጣ ግድግዳ በሳሙና ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ከስር ዘይት ቀለም ካልተቀባ ቅባቱ ውሃ ቀለሙን እየበላ ይወጣል። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረ ቀቢ እንኳ ያውቀዋል። ጋሽ ነጩ ረስቼው ነው ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንዲወጣ ፈልጎ ነው።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አሉ አከራይዋ።

"የሷ ነው፣ እትዬ። የጸጉሯ ቅባት ነው።"

አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩት።

"ከመያዣው ይቀንሱ፤ ካስፈለገም ሁሉንም ያስቀሩት። ግድግዳውን ግን አይንኩብኝ" አለ። የአዲሱ ክፍል ቁልፍ ትዝ ያለው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው። ቢሆንም ቃሉን አላጠፈም።

"ግፈኛ ልታሰኘኝ ነው እንዴ? መስኮት ሰብራችሁ ቢሆን አስከፍል ነበር። ሰው ሲኖርበት ቤት ያረጃል፤ ተደግፋ ስለኖረች ምን ብዬ ላስከፍላት?" አሉና መያዣውን ሳያጎድሉ ከቦርሳቸው አውጥተው አስጨበጡት። "ይሄን ማደስ የኔ ፋንታ ነው። በዚህ ሳምንት አዲስ ተጋቢዎች ይገባሉ፤ እንዲህ ሆኖ አልሰጣቸውም። ሌላ ቀቢ ከምፈልግ አንተው ጨርስልኝ፣ የእጅህን እከፍላለሁ።"

ደግ ናቸው። የመለሱለትን እንጂ የወሰዱበትን አላወቁም።

"የእጄን ተዉት፣ እትዬ። ሌላ ሰው ብቻ አያምጡ" አለ።

ሲወጡ በሩን ዘጋ። አልጋው የነበረበት ባዶ ወለል ላይ ተንበረከከና ግንባሩን ክቡ ላይ አሳረፈ። ቀለሙ ገና ይሸታል፤ የሷ ሽታ የለም። እንደ ልጅ አለቀሰ።

"ዛሬስ የኛን ቤት ነው" አላት።

ከዚያ ሳሙናና ውሃ አመጣ። አጠበው፣ ፈቀው፣ ዘይት ቀለሙን ከስር ቀባለት፤ ሲደርቅ ነጩን ደረበበት። በማግስቱ ቁልፉን ሊያስረክብ ሲመጣ ግድግዳውን ቀረብ ብሎ አየ፤ በመዳፉም ዳሰሰው። ምንም አልወጣም።