ቲማና የሚያብለጨልጨው ሊጥ

የኬንያዋ ላሙ ደሴት ላይ ቲማን የማታውቅ ሴት የለችም፤ የሚያውቋትም በሳቋ ነው። ከወደቡ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መንገድ ገና ስትታጠፍ ሳቋ ይቀበልሃል፤ ቤቷ የት ነው ብሎ መጠየቅ አያሻም።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራዋ የወንዶች ኮፍያ መጥለፍ ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ትበሳለች፤ ዙሪያዋን በክር ትቋጫለች፤ ከጎኗ ሌላ ትበሳለች። አንድ ኮፍያ ጉልበቷ ላይ ወራት ይከርማል። ለዒድ ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ ቲማ ሰገነት ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። "ያኛው የኔ ነው፤ ያኛውም የኔ ነው" እያለች ከሰው ፊት ይልቅ የሰው አናት ትለያለች።

ሃምሳን ስትሻገር ዓይኗ ደከመባት። መነጽር አደረገች፤ ሌላም ለወጠች። መስኮት ሥር ተቀመጠች፤ በር ላይም ወጥታ ሞከረች። ቀዳዳዎቹ ግን እርስ በርስ እየገቡ አስቸገሯት። "አንዱን ስቋጭ ሌላው ያኮርፈኛል" እያለች ለሰው ትቀልዳለች። ብቻዋን ስትሆን ግን አትቀልድም። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ያሳዝናል፤ ጭኗ ላይ አጋድማው ስታየው የሌላ ሰው እጅ ይመስላት ነበር።

ባሏ አትማን ጀልባ ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ባሕር ዳር ከእንጨትና ከሸራ ጋር ይውላል። ሚስቱ ዝም ማለቷን ያስተዋለው ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ነው።

"ቤቱ እኮ ጭር አለ" አላት አንድ ቀን ሩዙን እየበላ። "ከኔ ጋር ተጣልተሽ ከሆነ ንገሪኝና ልታረቅሽ።"

"ከመርፌ ጋር ነው የተጣላሁት።"

"እሱንም እናስታርቃለን።"

ያስታረቀው ግን እሱ አልነበረም። የእህቷ ልጅ ሉልዋ ሞምባሳ ውስጥ ሙሽሮችን ታስጌጣለች። ለእረፍት ስትመጣ ከሻንጣዋ ሁለት ትንንሽ ጥቅል አወጣችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። በአንደኛው ነጭ፣ በሌላኛው ቢጫ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጎድ ነገር አለ።

"ምንድን ነው ይሄ? የማሐምሪ ብስኩት ልንጠብስ ነው?" አለች ቲማ።

"ኢፖክሲ ሸክላ ይባላል፣ አክስቴ። ለየብቻው ሲቀመጥ ዓመትም እንደለሰለሰ ይቆያል። እኩል እኩል ቆርሰሽ ቀለሙ አንድ እስኪሆን ካሸሽው ግን በማግስቱ ድንጋይ ነው። ምድጃም እሳትም አይፈልግም።"

ሉልዋ የላስቲክ ጓንት አድርጋ ቆረሰች፤ አሸች፤ ድቡልቡል አድርጋ የቀለበት ክብ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ጫፉ ሰም የተቀባ ስንጥር አነሳች። ሳህን ላይ ከተበተኑት የብርጭቆ ፈርጦች አንዱን በሰሙ ነካ አድርጋ አንስታ ሊጡ ላይ ተከለችው። ቀጥላም ሌላ። ቀለበቷ ወዲያው ከመስኮቱ የገባውን ብርሃን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ረጨችው።

ቲማ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና መልሳ አደረገች። "እስቲ ወዲህ በይው" አለች።

የመጀመሪያ ሥራዋ የሚታይ አልነበረም። ፈርጦቹን ላይ ላዩን ስላስቀመጠቻቸው በማግስቱ አንድ በአንድ ረገፉ። ሁለተኛው ላይ ደግሞ እስኪሰምጡ ተጫነቻቸው። አትማን ጉትቻውን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጠውና፣ "ይሄን ዓይኑ የሰመጠ ዓሣ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በልተነዋል" አላት። ቲማ ጓንቷን ወረወረችበት። ቤቱ ውስጥ እንደ ድሮው መሳቅ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

እየቆየች ስትሄድ ነገሩ ገባት። ይህ ሥራ እንደ ኮፍያው የዓይን ሥራ አይደለም፤ ጣት ይበልጥበታል። ፈርጡ ወገቡ ድረስ ሲገባ ሊጡ ከንፈሩን ገጥሞ ሲይዘው ጣቷ ያውቀዋል። ላሙ ላይ ወበቁ ሊጡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሥራዋን ከጎህ ሶላት በኋላ፣ ነፋሱ ሳይሞቅ አደረገች። ከሉልዋ ያልተማረችውንም ከራሷ ጨመረች። ያላለቀውን የመጨረሻ ኮፍያዋን ከሣጥን አውጥታ ለስላሳው ሊጥ ላይ ብትጫነው የጥልፉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታተመ። እሱ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ዱቄት በብሩሽ ስታስነካው፣ የአርባ ዓመት እጇ ጉትቻ ላይ ተቀምጦ አየችው። ባሕር የሚተፋውን የጥንት ሸክላ ሳህን ስብርባሪ ጠርዙን በድንጋይ ሞርዳ ከፈርጦቹ መሐል አስገባች። የዓሣ ማጥመጃ ሽቦ ጠምዝዛ ማንጠልጠያ ሠራች።

ላሙ ላይ ሴት በመንገድ ስትሄድ ጥቁር ነው የምትለብሰው። ሰርግ ቤት ገብታ ጥቁሩን ስታወልቅ ግን ያኔ ነው ጉዱ። የቲማ ጉትቻ በአንድ ሰርግ ላይ በሁለት ጆሮ ታየ። በሚቀጥለው ሰርግ በስንት ጆሮ እንደታየ ግን ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ከዚያ የሸምሳ ሰርግ መጣ። ሸምሳ የሸራ ሰፊው ልጅ ናት፤ ተጫዋች፣ ምላሷ የፈጠነ። ሴቶቹ ብቻ ተሰብስበው ሙሽራዋን በሚያዩበት ምሽት የምታደርገውን ሐብል፣ ጉትቻና አምባር ቲማ እንድትሠራላት ጠየቀች። አያቷ ግን፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ቢ ራዲያ፣ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"የኔ የልጅ ልጅ ጭቃና ጠርሙስ አንጠልጥላ ልትዳር?" አሉ። "እኔ ስዳር ወርቁ ከብዶኝ አንገቴን ማቅናት አቅቶኝ ነበር!"

"ለዚህ ነዋ አያቴ እስከ ዛሬ ጎንበስ ብለው የሚሄዱት" አለቻቸው ሸምሳ። ቢ ራዲያ ከዘራቸውን ሲያነሡ ልጅቱ በር ላይ ደርሳ ነበር።

ቲማ ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ተቀመጠችበት። ጎረቤቷ ሚዛም ፈርጥ ልታቀብላት መጣች። ሚዛ ወሬ ስትጀምር እጅ ይታሰራል። የዚያን ዕለት የምታወራው ስለ አማቿ አህያ ነበር። አህያው ለሙሽራዋ እግር የተበጠበጠውን ሒና ባልዲው ውስጥ አፉን ነክሮ ጠጥቶ፣ ከንፈሩ ቀይ እንደሆነ በገበያው መሐል ሲንጎራደድ ውሏል።

"ሰው ሁሉ 'እንኳን ደስ ያለህ' ይለዋል" አለች ሚዛ። "አማቼ ከኋላ ከኋላው ይሮጣል፤ 'ኧረ ባለቤት አለው፣ አልተዳረም!' እያለ።"

ቲማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እየሳቀች ቆረሰች፣ እየሳቀች አሸች፣ እየሳቀች ፈርጥ ተከለች። ሐብሉ ከነጉትቻውና ከነአምባሩ ሲያልቅ አምሮ ነበር። መስኮት ላይ አስጥታው ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት በጣቷ ነካ ብታደርገው ሰረጎደ። ሌላ ቦታ ነካች፤ እዚያም ሰረጎደ። መሐሉ ላይ የነበረው ትልቁ ፈርጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ደርሷል። ቆርሳ ያሸችው እኩል አልነበረም። ከቢጫው አብዝታለች፤ እንዲህ የሆነ ሊጥ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይደርቅም።

ቁጭ አለች። የቀራት ሊጥ የጥፍር ያህል እንኳ አይሆንም። ሞምባሳ ያለችው ሉልዋ ዛሬ ብትልክ ነገ ማታ ነው የሚደርሰው፤ የሴቶቹ ድግስ ደግሞ ነገ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀመራል። የቢ ራዲያ ፊት መጣባት። ከቢ ራዲያም በላይ የሸምሳ ፊት። ሚዛ ስትገባ ቲማ ሐብሉን አሳየቻት።

"ምነው ያን አህያ ባላነሳሁት" አለች ሚዛ አፏን ይዛ።

አትማን ለምሳ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ፀጥ ብለው አገኛቸው። ይህን በዕድሜው አይቶ ስለማያውቅ ደነገጠ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። እጅህን ታጠብና ብላ" አለች ቲማ። ውሃ ልታፈስለት ስትጠጋ ግን ጥፍሮቹ ሥር ግራጫ ነገር ተጋግሮ አየች። ጣቱን ይዛ በጥፍሯ ሞከረችው። ድንጋይ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጀልባ መድፈኛ ነዋ። የተሰነጠቀ እንጨት የምንደፍንበት።"

"እንዴት ነው የምታዘጋጁት?"

"ምን ያስቸግራል? ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣው። እኩል እኩል ቆርሰሽ…"

"እኩል እኩል!" ብላ ቲማ ጮኸች። "እኩል እኩል ቆርሰህ ታሸዋለህ! አትማን! ስንት ዘመን አብረን ኖረን ይሄን ሳትነግረኝ!"

"አልጠየቅሽኝም እኮ" አለ አትማን፤ የሆነው ነገር ገና አልገባውም።

ምሳውን ሳይበላ መድፈኛውን ከሣጥኑ አምጥቶ ተቀመጠ። ነገሩ የሉልዋን ሊጥ ይመስላል፤ ግን ግራጫ ነው፣ ሽታው የሞተር ቤት ነው፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ከታሸ በኋላ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይደነድናል። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉት። ሚዛ የተበላሸውን ጌጥ ፈርጦች እያወጣች በአልኮል አጠበች። አትማን ቆርሶ ያሻል፤ ክብደቱ እኩል መሆኑን በሁለት መዳፉ ይመዝናል፤ ከዚያ ለቲማ ያቀብላል። ቲማ ጥቂት በጥቂት እየለጠፈች ኮፍያውን ተጭና ታትማለች፤ ሚዛ በሰሙ የምታቀብላትን ፈርጥ ትተክላለች።

"ቶሎ በሉ፣ ሊደርቅ ነው!" ይላል አትማን በየመሐሉ።

"ጀልባ አይደለም እኮ፤ ውሃ አይገባበትም!" ትላለች ሚዛ።

"ወሬ የለም ተብሏል!" ትላለች ቲማ፤ መልሳ ራሷ ትስቃለች።

ሲመሽ አንገቱም ጆሮውም አምባሩም አለቀ። ቲማ የወርቁን ዱቄት ልትቀባው ብሩሽ አነሳችና ተወችው። ግራጫው ከፈርጦቹ ሥር ልክ እንደ አሮጌ የብር ጌጥ ሆኗል፤ የጥልፉ ቅርጽም እንደዚያ ጠልቆ ታትሞ አያውቅም። ጉብታ ጉብታው ላይ ብቻ ጥቂት ዱቄት አስነካችው፤ ጠዋት ደግሞ ሽታው እንዲለቅ በጽጌረዳ ውሃ ጠረገችው። የሞተሩ ሽታ ጠፋ፤ ወይም አፍንጫዋ ለምዶት ይሆናል።

ለሙሽራዋ ግን መዋሸት አልፈለገችም። እያስጌጧት ሳለ ገብታ ሁሉንም ነገረቻት፣ የአህያውንም ጭምር።

"ስለዚህ ልጄ፣ አንገትሽ ላይ ያለው የጀልባ መድፈኛ ነው። አልፈልግም ካልሽ አልቀየምሽም፤ የአያትሽ ወርቅ አለልሽ።"

ሸምሳ መስታወት ውስጥ ሐብሉን አየችው፤ አንገቷን ወዲያና ወዲህ አዞረች፤ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ተበተነ። "ቢ ቲማ" አለች፣ "ባሕር ያላስለቀቀውን የኔ እንባ አያስለቅቀውም። እንደ ልቤ አለቅሳለሁ!"

ማታ አዳራሹ ውስጥ ሙሽራዋ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሴቶቹ እልል አሉ። ቲማ ከሚዛ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ዓይኗን ከቢ ራዲያ ላይ አላነሳችም። አሮጊቷ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሙሽራዋ ወጡ። ሐብሉን በጥፍራቸው ቋ ቋ አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ የድሮ ሰው ወርቅ እንደሚፈትነው፣ የሐብሉን ጠርዝ በጥርሳቸው ነከሱት።

"ወይ ጥርሴ!" ብለው ቀና አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቢ ራዲያ አገጫቸውን እያሹ ቲማን በዓይናቸው ፈለጓት፤ አገኟት፤ በጣታቸውም ጠሯት።

"ይሄን ከየት አገር ነው ያስመጣሽው?"

"ከአትማን መሣሪያ ሣጥን ነው፣ እማማ።"

"የቀለድሽብኝ እንደሆነ…"

"እውነቴን ነው። ጀልባ የሚደፈንበት ነው።"

አሮጊቷ ሐብሉን አንዴ ደግመው ነካ አደረጉት። ከዚያ ከጣታቸው ላይ ጥንታዊ የወርቅ ቀለበት አወለቁ። መሐሉ ባዶ ነው፤ ፈርጡ ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። "አንጥረኛው ሦስቴ አስገብቶት ሦስቴ ወደቀ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ፈርጡ ቤት አለ፤ በዚያ በመድፈኛሽ ያዢልኝ። ግን ለዚያች ምላሰኛ አትንገሪያት።"

ምላሰኛዋ ግን እዚያው አጠገባቸው ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ ለሁሉም አወራች።

ከዚያ ወዲህ አትማን የባሕር ዳር ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ በር ላይ መጠየቅ ለመደ፦ "ዛሬ የሚታሽ አለ?" ካለ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ ሚዛም ወሬዋን የምታወራው ሊጡ ታሽቶ ካለቀ በኋላ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ቲማ ለሰርግ የሉልዋን ባለ ቀለም ሊጥ፣ ለየዕለቱ ደግሞ ግራጫውን ትጠቀማለች። ሴቶቹ ግራጫውን ወደዱት፤ ውሃ አይነካውም፣ እያጠቡም እያበሰሉም አይወልቅም።

የዓመቱ የጀልባ እሽቅድድም ሲደርስ አትማን ራት ላይ ተቁነጠነጠ። ጆሮውን አከከ፤ ዓሣውን ገለባበጠው።

"በል ተናገር" አለችው።

"የኔ ጀልባ ፊቷ ላይ ያለው ዓይን ቀለሙ ለቋል" አለ። እዚያ አገር ጀልባ መንገዷን እንድታይ ከፊቷ ግራና ቀኝ ዓይን ይሣልላታል። "ቀለም ልቀባው ነበር። ግን አሰብኩና… አንቺ ብትሠሪውስ?"

ቲማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ባለፈርጥ?"

"ትንሽ ብቻ። ሰው እንዳይስቅብኝ።"

ትንሽ ማድረግ የቲማ ነገር አልነበረም። መሐሉን በሰማያዊ ፈርጥ፣ ዙሪያውን በነጭ፣ ሽፋሽፍቱን በሳህን ስብርባሪ አድርጋ ሁለት ዓይን ሠራች። በእሽቅድድሙ ቀን ፀሐይ ስታርፍበት ከወደቡ ማዶ ያሉ ሰዎች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ። ሌሎቹ ባለ ጀልባዎች አትማንን አልማሩትም። "ኧረ ሙሽራዋን ወዴት ይዘሃት ልትሄድ ነው? ጥሎሹን ከፍለሃል?" ይሉታል ሸራ እየሰቀሉ። እሱም ከጀልባው ጫፍ ሆኖ "አትቅረቡ፣ ባለቤት አላት!" ይላቸዋል።

አትማን አራተኛ ወጣ። ቲማ ሰገነቷ ላይ ከሚዛ ጋር ቆማ ስታይ ነበር። ማን እንደቀደመ አላየችም፤ ዓይኗ እስከ ጀልባዎቹ ፊት አልደረሰላትም። ነገር ግን ከሸራዎቹ ሁሉ ሥር አንዲት ነጥብ ብልጭ፣ ብልጭ ስትል በደንብ ታየቻት፤ ሚዛን በክርኗ ጎሽማ "ያቻት፣ ያቻት የኔ!" አለቻት።