ዓይኔ ያሸተተው ናፍጣ

ነጌሌ ውስጥ ወተት እያሸተትኩ እቀበል ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ ሰው ፊት ብዙ መናገር የማይጠይቅ ሥራ ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ከከተማው ዳርና ከገጠር የግመል ወተት በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ክዳኑን ከፍቼ አሸታለሁ፣ በማንኪያ እቀምሳለሁ፣ ደህና ከሆነ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከዚያ ወተቱ ሁሉ ወደ አንድ በርሜል ይገለበጥና ለሻይ ቤቶች ይከፋፈላል። አንድ የተበላሸ ጀሪካን ከገባ የሁላቸውም ወተት አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ሴቶቹ በአፍንጫዬ ይመኩ ነበር። አፍ አውጥቼ አልናገረውም እንጂ እኔም እመካበት ነበር።

የሴቶቹ መሪ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሁላችንም አዮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ግን እንደ እሳቸው የሚያስብ ሰው አላየሁም። ጀሪካኖቹን ከበሩ ጀምረው ከቆጠሩ በኋላ ሁልጊዜ ከጓዳው በኩል ጀምረው ደግመው ይቆጥራሉ። ለምን ከዚያኛው በኩል እንደሚጀምሩ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«በዚያው በመጀመሪያው መንገድ ከሄድኩማ መጀመሪያ ያልኩትን ነው ደግሜ የምለው» አሉኝ።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ከድርቁ በኋላ ከፊልቱ በኩል አንዲት ሴት ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ከግመሎቿ የተረፉላት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ከተማው ዳር አስቀምጣ አዮ ከእኛ ጋር ቀላቀሏት። በመጀመሪያው ቀን ወተቷን ያመጣችው ቀይ ክዳን ባለው ቢጫ ጀሪካን ነበር። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሳላስተውል አሳለፍኩት። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቶቹ ወተቱን በሙሉ መለሱት። ጀሪካኑ ድሮ ናፍጣ ተይዞበት ኖሯል። ሴቶቹ እኔን አልተቆጡኝም፤ እኔ ግን አፍሬ ሁለት ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ከዚያ በኋላ የእሷ ተራ ሲደርስ ጠንቅቄ ማሽተት ጀመርኩ። ናፍጣውም አልጠፋ አለ።

«ደግመሽ አሽቺው፣ እህቴ» ትለኛለች።

«ናፍጣ ነው።»

«ጀሪካኑ እኮ አዲስ ነው። ያኛውን ጥዬዋለሁ።»

«ይሸታል።»

እውነት ነበር፣ ይሸተኝ ነበር። አዲሱም ጀሪካን እንደ መጀመሪያው ቢጫ ነው፣ ክዳኑም ቀይ። አልፎ አልፎ ደህና የመሰለኝ ቀን አሳልፍላት ነበር፤ ብዙውን ቀን ግን ሳትከራከር ተሸክማው ትመለሳለች። ከሴቶቹ መካከል አፏ የማያርፍ አንዲት ነበረችና ከኋላዋ ትጮህባታለች። «ይህቺ ግመል ናፍጣ ነው እንዴ የምትታለበው? ነዳጅ ማደያ ክፈቺበታ!» ሁሉም ይስቃል። እኔም አንዳንዴ ፈገግ እላለሁ፤ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ሴቶቹ እሑድ ጠዋት ተሰብስበው ሊያስወጧት ተስማሙ። ከወጣች ወተቷን የሚወስድላት ሌላ ቦታ አልነበራትም፤ የቤት ኪራዩም የልጆቿም ጉሮሮ በዚያው ጀሪካን ነበር።

ቅዳሜ ርክክቡ ሲያልቅ አዮ ጠሩኝ። ፊት ለፊታቸው ቢጫው ጀሪካን ተቀምጧል።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይሄን አሽቺ።»

ከፈትኩት። «ናፍጣ ነው፣ አዮ።»

«ቅመሺውማ።»

ቀመስኩት። ምላሴን እንኳ ለበለበኝ። «ናፍጣ ነው።»

«ጀሪካኑን ዛሬ ከገበያ ገዛሁት። ወተቱ ደግሞ ከኔዋ ግመል የታለበ ነው። ጠዋት ራስሽን ነቅንቀሽ አሳልፈሽዋል።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው እንዳዞር አዘዙኝ። ከኋላዬ ወተት ሲቀዳ ይሰማኛል። አምስት ኩባያ አንድ በአንድ በትከሻዬ በኩል አቀበሉኝ። ሦስተኛው ከሁሉም የሚጥም፣ ንጹሕ ነው አልኩ። ስዞር አዮ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቅ ይዘዋል። ሦስተኛው ጠዋት የመለስኩት የሴትዮዋ ወተት ነበር። ቤቷ ድረስ ሄደው ነው ለምነው ያመጡት።

«አዮ፣ እኔ አልዋሸሁም» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

«አውቃለሁ። ብትዋሺማ ተቆጥቼሽ ያልቅ ነበር። አንቺ የምርሽን ነው የሸተተሽ። እኔም ትናንት ልጄን ቅጂልኝ ብዬ ዞሬ ቀመስኩ። የራሴን ወተት ከአምስቱ መጨረሻ አደረግኩት! ስንት ዓመት ሙሉ ከኔ ግመል የሚበልጥ የለም ስል ኖሬ!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በራሱ ስህተት እንዲህ የሚስቅ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የእኔ ስህተት አንገቴን ሲያስደፋኝ የእሳቸው ልጅነታቸውን የመለሰላቸው ይመስል ነበር።

«ነገ እርስዎ ይንገሯቸው» ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔ ከተናገርኩ አዝናላት ነው ይላሉ። የሚያምኑት ያንቺን አፍንጫ ነው። አንቺ ንገሪያቸው።»

እሑድ ሴቶቹ በኦሮምኛ አካም፣ ናጋ ብለው ሰላምታ ተለዋውጠው ተቀመጡ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ያን ቀን ጀሪካኗን ከፍቼ እንኳ አላየሁትም ነበር። ተነሣሁ። አማርኛው ሲጠፋኝ በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያንቀኝ በአማርኛ ተናገርኩ። በንጹሕ ወተት ውስጥ ናፍጣ አሸተትኩ አልኩ። ጀሪካኑን ሳየው ነው የሚሸተኝ፣ ሳላየው የእሷን ከሁሉም አስበለጥኩ አልኩ።

ከዚያ ያቺ አፈኛዋ ተነሣች። «እኔን ግን አትሸውዱኝም! የእሷን በሩቁ አውቀዋለሁ። ቅዱልኝ!»

ፊቷን አዞረች። አንዷ ቀዳችላት። በአራተኛው ኩባያ ላይ ፊቷን ጨፍግጋ ትፍ አለች። «ይሄው! ናፍጣ! አላልኳችሁም?»

የቀዳችው ሴት ሳቋ አላናግር አላት። «ያንቺ እኮ ነው! የራስሽ ወተት!»

«ውሸት!»

«እይው፣ ጀሪካንሽ እጄ ላይ ነው!»

«እሰይ፣ ማደያውን አንቺው ክፈቺው!» አለ አንድ ድምፅ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አፈኛዋም መጀመሪያ ተኮሳትራ ቆይታ በኋላ በሳቅ እሷው ባሰች። ከዚያ ሁሉም ልቅመስ፣ ልቅመስ እያሉ ተሰለፉ። የራሷን ወተት የለየች አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትደግም ሳተች። ሴትዮዋን ስለማስወጣት ያነሣ ሰው አልነበረም። አዮም አላነሡትም፤ ከነገ ጀምሮ የሁሉም ወተት በኩባያ ተቀድቶ፣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ይቀመሳል ብቻ አሉ። የራሳቸውንም ጨምረው።

እስከ ዛሬ እንዲሁ እንሠራለን። እውነቱን ለመናገር ቀዩን ክዳን ካየሁ አሁንም ይሸተኛል። ማወቄ አላዳነኝም፤ የሚያድነኝ አዮ ያስያዙኝ ግድግዳ ነው።

ያን ዕለት ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ሴትዮዋ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ሄጄ ይቅር በይኝ አልኳት።

«አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለችኝ ቀስ ብላ። «እኔንም መሽተት ጀምሮኝ ነበር።»

«አንቺን? የራስሽ ወተት?»

«ገና አልቤ ሳልነሣ ይሸተኛል። ይኸው ስንት ቀኔ፣ ልጆቼ እንዳይታመሙብኝ ብዬ ከልክያቸዋለሁ። ትንሿ እያለቀሰች ትለምነኛለች፣ እኔ ደግሞ ለውሻ እደፋዋለሁ።»

ወደ ኩባያዎቹ አየች፣ ከዚያ ሳልጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሦስት ቀዳሁላት። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች፣ እንደገና ተጎነጨች፣ ከዚያ አንጠፍጥፋ ጠጣችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

ከዚያ ጀሪካኗን አነሣችና ወደ በርሜሉ ሳትሄድ በበሩ በኩል አለፈች።

«የዛሬው ለልጆቼ ነው» አለችኝ፣ እየሄደች።