ኮሪደር ላይ የተባለ እሺ

ያሳደጉኝ አጎቴ ለዶክተር እምቢ ብለው አያውቁም። ነጭ ጋዋን ካዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ይላሉ፤ ገባቸውም አልገባቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ «የስ ዶክተር» ነው መልሳቸው። ይህ ጨዋነታቸው አንድ ጊዜ ሊገድለኝ ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ስላለብኝ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሰው አገር ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር ከአጎቴ ጋር ስንኖር፣ የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ዶክተሩ እኔን ትቶ አጎቴን ወደ ኮሪደር ጠራቸው። ትንፋሿ ቢቆም የመተንፈሻ ማሽን ከምናስገባባት ብንተዋት አይሻላትም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «የስ ዶክተር» አሉ። ለእኔ ትንፍሽ አላሉም፤ እኛ ዘንድ ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም።

የሰማሁት በማግስቱ ነርሷ የተኛሁ መስሏት ለተረኛዋ ስትነግራት ነው። ባለችኝ ትንፋሽ «ማሽኑን እፈልጋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ዶክተሩ መጥቶ በሐዘኔታ አየኝና «ብዙ ተሰቃይተሻል እኮ» አለኝ። እኔን ያሰቃየኝ ሳሉ ነበር። ከመታመሜ በፊት አጎቴን ካርታ እያጭበረበርኩ ስበላቸው ነው የከረምኩት።

ያን ሰሞን ሐኪም በሽተኛን እንዲሞት ይርዳው፣ ሕጉ ይለወጥ የሚል ክርክር በየሬዲዮው ይሰማ ነበር። ከዳንኩ በኋላ ዳውንታውን ሌሎች አካል ጉዳተኞች ተሰብስበው ሲቃወሙ አብሬያቸው መቃወም ጀመርኩ። የሚያደርሱኝ አጎቴ ናቸው፣ በታክሲያቸው። እየነዱ ይሟገቱኛል።

«ከሞቱ አሟሟቱ ሲባል አልሰማሽም? ቾይስ እኮ ነው፤ ማን ፎርስ ያደርግሻል?»

«ጋሼ፣ እኔን ያኔ ማን ጠየቀኝ?»

የታክሲያቸውን ሬዲዮ ከፍ ያደርጋሉ። ስብሰባው ላይ የምለውም ይህንኑ ነበር። ጤነኛ ሰው ልሙት ቢል ሮጠው ከድልድይ ላይ ያወርዱታል፤ እኔ ብል ግን «እውነቷን ነው» ብለው ከንፈር ይመጥጡልኛል። እንዲህ በሚያስብ ሰው እጅ ላይ ያ ሕግ ሲገባ ሳስበው እፈራለሁ፤ እናደዳለሁም።

ዘጠናዎቹ ሳያልቁ አጎቴን ስትሮክ መታቸው። ግማሽ ጎናቸው ደረቀ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። አሁን ወደ ኮሪደር የተጠራሁት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ወጣትና ትሁት ነው። መዋጥ ስላልቻሉ የምግብ ቱቦ ያስፈልጋቸዋል፤ ግን እንደሳቸው ያለ ኩሩ ሰው እንዲህ ሆኖ መኖር ይፈልግ ነበር ወይ አለኝ። ገና በሕይወት እያሉ «ነበር» ይላቸዋል!

«አስክ ሂም» አልኩት።

ገባና ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ በእንግሊዝኛ እንተውዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አጎቴ ነጩን ጋዋን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዶክተሩ ዞሮ አየኝ። እባክህ ውጣልን አልኩት። በሩ ሲዘጋ ዊልቸሬን አልጋው ድረስ አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ዶክተር የለም፤ እኔ ነኝ። ቱቦው ካልገባ ይሞታሉ። ይተውዎት?»

ዓይናቸው ፈጠጠ። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። በደህናው እጃቸው የዊልቸሬን መደገፊያ ጨበጡ፤ ነርሶቹ ቱቦውን ይዘው ሲገቡም አልለቀቁትም።