የኤልፒድዮ ቀኝ እጅ

ኤልፒድዮ ባርሴናን የማኒላ ፖከር ተጫዋቾች «ድንጋዩ» ይሉት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማኒላ ሴቡ፣ ከሴቡ ማካው እየተመላለሰ በየውድድሩ ሲጫወት፣ ጥሩ ካርታ ይምጣለት መጥፎ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት ነቅነቅ ብላ አታውቅም። ሁለት ልጆቹን ያስተማረው፣ ማሪኪና ያለችውንም ቤት የሠራው በዚሁ እርጋታው ነው።

አርባ ሰባት ዓመት በሞላበት በጋ፣ ሴቡ ላይ፣ ቀኝ እጁ ከዳው። የመወራረጃ ጠጠሮቹን ወደ ጠረጴዛው መሃል ሊገፋ ሲል ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ከፊቱ የተቀመጠው የብዙ ዘመን ወዳጁ ጁንጁን ሳቁን ለቀቀው።

«ኧረ ጉድ! ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ! ምን ዓይነት ካርታ ቢመጣልህ ነው አንተ? በል ውሰደው፣ እኔ የለሁበትም!» ብሎ ካርታውን ጣለ። ሌሎቹም ተከትለው ጣሉ። ኤልፒድዮ የያዘው ግን እርባና ቢስ ካርታ ነበር።

በዚያ ውድድር እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሰው እየሸሸለት ሦስተኛ ወጣ። ለሚስቱ ለሮዌና ደውሎ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም።

«ሸሚዝህን ስትቆልፍም ይንቀጠቀጣል እኮ። ያኔስ ምን ካርታ ይዘህ ነው?»

ሐኪሙ ጣቶቹን አነካክቶ፣ ወዲያና ወዲህ አራምዶ ሲያበቃ በሽታው የነርቭ መሆኑን ነገረው። «መድኃኒቱ ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ልብዎ በኃይል ሲመታ ደግሞ ይብሳል። ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ፖከር ተጫዋች ነኝ።»

ሐኪሙ የመድኃኒቱን ማዘዣ ጽፎ ሰጠው።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ማኒላ ገባ። በቀጣዩ ውድድር በእጁ የሚደነግጥ አልተገኘም። ቢሆንም በትዕግሥት ተጫውቶ ሦስተኛው ቀን ላይ ደረሰ፤ ከአራት መቶ ሰው ሃያ ቀርቷል። ሮዌና ከተመልካቹ መሃል ቆማ ታየዋለች። ሁለት ካርታ ታደለው። ጠርዛቸውን ቀና አድርጎ ሊያይ ሲል አንዱ ከጣቱ አምልጦ በጀርባው ወደቀ። ንጉሥ ነው። ሌላውም ንጉሥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው የዋለ ካርታ።

«እኔ አላየሁም!» አለ ጁንጁን ዓይኑን ሸፍኖ። «እንደገና ይታደል!»

«ሕጉ አይፈቅድም ጋሼ» አለች ካርታ አዳይዋ ልጅ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

«እሺ ሚስቱ ትያዝለት፤ ያቻትና ቆማለች!»

«የሰው ካርታ ሌላ ሰው አይነካም።»

ንጉሡን ያዩት ሁሉ ካርታቸውን ጣሉ። ኤልፒድዮ ጥቂት ጠጠር ሰብስቦ ወዳጁን ትክ ብሎ አየው።

«ጁንጁን፣ እንደ ድሮው ስደበኝ።»

ጁንጁን አፉን ከፈተ። አሥር ዓመት ሙሉ ስድብ ቸግሮት የማያውቀው ሰው አንድ ቃል አጣ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኤልፒድዮ የቀረውን ሁሉ ልግፋ ሲል የጠጠሩ ቁልል ተናደ፤ ጠጠሩ ከጠረጴዛው አልፎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ተጫዋቾቹ አጎንብሰው ለቀሙለት። ከዚያ ተሸነፈ፤ አሥራ ስምንተኛ ወጣ።

በየካቲት፣ ኮሪያ ውስጥ ባለችው በጄጁ ደሴት የሚደረገው ውድድር ምዝገባ ተከፈተ።

«ይብቃህ» አለችው ሮዌና።

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ቅጹን ከፊቱ ስባ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አገሩን ሞላችለትና ለፊርማው ብቻ መለሰችለት። እሱም ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ።